ጤፍ በሞላበት አገር ደም ለምን ያንሳል?

ከብቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው በጥቅምት ወር ከመንገዱ ግራና ቀኝ በብዛት የሚያየው ጤፍ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ለአገሪቱ ገበያ ጤፍ ከሚያወጡት ዋና ዋና አካባቢዎች አንዱ ነው። ጤፍ ብረት እንዳለው ደግሞ ተማሪውም ገበሬውም ያውቃል፤ ቀይ ጤፍ ደም ይተካል ሲባል ያልሰማ የለም። ታዲያ እንዲህ ያለ እህል እየተበላ ነፍሰ ጡሮች ደም የሚያንሳቸው ለምንድን ነው?

ጥያቄው ምሁራኑንም ያሳሳተ ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር በኢትዮጵያ ያካሄደውን የደም ጥናት እ.ኤ.አ. በ1968 ካሳተመ ወዲህ፣ ጤፍ የሚበላው ሕዝብ ብዙ ብረት ስለሚያገኝ በብረት እጥረት የሚመጣ ደም ማነስ በዚህ አገር ብርቅ ነው የሚለው አስተያየት ለረጅም ዓመታት ጸንቶ ቆየ። ጀማል ሐይደርና የሥራ ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ግን ከርዕሱ ጀምሮ ይህን የሚቃወም ነበር፤ ችግሩ በመውለጃ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ዘንድ ብርቅ አይደለም ይላል። ከመረመሯቸው ሴቶች 30.4 በመቶዎቹ ደም ያነሳቸው ሆነው ተገኙ። ግማሽ ያህሉ ደግሞ ሰውነታቸው ያስቀመጠው ብረት ተሟጦ ነበር።

ስለ ነፍሰ ጡሮች ብቻ ያየን እንደሆነ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ከ100 ነፍሰ ጡሮች 31፣ በ2011 ደግሞ 22 ደም እንዳነሳቸው መዘገበ። ቀነሰ ብለን ደስ ሲለን የ2016ቱ ጥናት 29 አለን። የዓለም ጤና ድርጅት ደም ማነስ ከ100 ሰው 5 ከያዘ የሕዝብ ጤና ችግር ነው ይላል፤ 20 ሲደርስ መካከለኛ፣ 40 ሲያልፍ ከባድ ይባላል። እኛ መካከለኛው ላይ ነን። መካከለኛ የሚለው ቃል እንዳያዘናጋን እሰጋለሁ፤ ከሦስት ነፍሰ ጡሮች አንዷ ገደማ ማለት ነውና።

ይህ ማብራሪያ ለነፍሰ ጡሯ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ለባሏ፣ ለአማቷና ለእናቷም ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች ስንወርድ ታገኙታላችሁ።

ደም ማነስ የሚባለው የትኛው ነው?

ደማችንን ያቀላው ሄሞግሎቢን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ሳንባ ውስጥ ኦክስጅን ተሸክሞ ወደ ጡንቻ፣ ወደ አንጎልና ወደ ማሕፀን የሚያደርሰው እሱ ነው። ሄሞግሎቢን ያለ ብረት አይሠራም። በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን በግራም ይለካል፤ የነፍሰ ጡር ልኬት ከ11 ግራም በታች ከሆነ ደም አንሷታል ይባላል። ከ10 እስከ 10.9 ቀላል፣ ከ7 እስከ 9.9 መካከለኛ፣ ከ7 በታች ደግሞ ከባድ ነው። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ መነሻው 10.5 ነው።

ይህ ልኬት ክንድ ላይ ከሚታሰረው የደም ግፊት መለኪያ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ብዙ ሰው ደም ማነስን የደም ብዛት ተቃራኒ አድርጎ ስለሚያስበው፣ ግፊት አለሽ የተባለች ነፍሰ ጡር የሚሰጣት የብረት እንክብል ደሜን ያበዛብኛል ብላ መዋጡን ታቆማለች። ስሕተት ነው። አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ የደም ግፊትም ደም ማነስም ሊኖራት ይችላል፤ የብረት እንክብልም ግፊት አይጨምርም።

ምልክቶቹ ድካም፣ ራስ ማዞር፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ የዓይን ቆብ ውስጠኛው ክፍልና የመዳፍ መገርጣት ናቸው። አንዳንዷ አፈር ወይም ከሰል ያምራታል፤ በአምሮት ስም ይታለፋል እንጂ የብረት እጥረት አንዱ ምልክት ነው። ከሁሉም አስቸጋሪው ግን ድካሙ ነው። ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ተሸክማ፣ አረም ስታርም የዋለች ሴት ደከመኝ ብትል ማን በሽታ ነው ይላታል? ራሷም አትልም። ስለዚህ ሳይመረመሩ ማወቅ አይቻልም፤ ጤና ጣቢያ ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም ይለካል።

በእርግዝና ለምን ይብሳል?

ነፍሰ ጡር ስትሆን የደሟ መጠን ይጨምራል። የሚጨምረው ግን እኩል አይደለም፤ ፈሳሹ ክፍል በግማሽ ያህል ሲያድግ ቀይ የደም ሴሎቹ ከዚያ ባነሰ መጠን ነው የሚበዙት። እንግዳ ሲበዛ ወጡ ላይ ውኃ እንደሚጨመርበት ደሙ ይቀጥናል። ይህ የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ በራሱ በሽታ አይደለም። የ11 ግራም መነሻ ከሌሎች ሴቶች 12 ዝቅ ያለው ለዚህ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ቀይ ሴሎቹን ለማብዛት፣ ፅንሱንና የእንግዴ ልጁን ለመሥራት የሚያስፈልገው ብረት ሲጠፋ ነው። አንድ እርግዝና በጠቅላላው 1000 ሚሊ ግራም ገደማ ብረት ይፈልጋል፤ አብዛኛው የሚፈለገው ደግሞ ከአምስተኛው ወር ወዲህ ነው። ሰውነት ቀድሞ ያስቀመጠው ከሌለ ይህን ከዕለት ምግብ ብቻ ማግኘት አይቻልም፤ በደህና የሚመገቡትም አገሮች ነፍሰ ጡሮቻቸውን ብረት የሚያስወስዱት በዚህ ምክንያት ነው። የእኛዋ ሴት ደግሞ እርግዝናውን የምትጀምረው ብዙ ጊዜ ከባዶ ነው። በልጅነቷ ያገባች፣ ገና ራሷ እያደገች ያረገዘች፣ ወይም ያለፈውን ልጅ ጡት ሳታስጥል ሌላ የያዘች ናት።

የጤፉ ብረት የት ይሄዳል?

ጤፍ ሲወቃ በሬዎች አውድማ ላይ ያበራዩታል። ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ አፈር አብሮት ይገባል፤ አፈር ደግሞ ብረት አለው። ላቦራቶሪ ሲለካው ከፍ ብሎ የሚታየው የጤፍ ብረት አንድ ጉልህ ክፍል የፍሬው ሳይሆን የአውድማው ነው፤ ታጥቦ ሲለካ ቁጥሩ ይወርዳል። የቀድሞዎቹ ጥናቶች በከፍተኛ ቁጥር የተደነቁት በከፊል ለዚህ ነው። የአፈር ብረት አብዛኛው በሆድ በኩል አልፎ ይሄዳል እንጂ ወደ ደም አይሻገርም።

የፍሬው ብረት የራሱ ፈተና አለበት። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ብረቱን አጥብቆ ይዞ አንጀት እንዳይወስደው ያደርጋል። እዚህ ላይ እናቶቻችን ሳያውቁት ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይፈራርሳል። ለዚህ ነው በደንብ ያልቦካ እንጀራ፣ አፍለኛም ይሁን ቂጣ፣ ብረቱን በስስት የሚሰጠው። በሁዳዴ የሚሠራው በቆልትም እንደዚያው ነው፤ ባቄላው ሲበቅል ፋይቴቱ ይቀንሳል፣ ቫይታሚን ሲ ደግሞ ይጨምራል።

እንዲህም ሆኖ ከእህል፣ ከምስርና ከጎመን የሚገኘው ብረት ወደ ደም የሚገባው ከ100 እጅ ከ2 እስከ 20 ነው። ከሥጋና ከጉበት የሚገኘው ከ15 እስከ 35 ይደርሳል። አንድ ሰው ምሳውን ምስር ወጥ በልቶ ብረት አገኘሁ ሊል ይችላል፤ ምን ያህሉን እንዳገኘ የሚወስነው ግን ከምስሩ ጋር የበላውና የጠጣው ነው። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ጥሬ ቃሪያ ብረቱ እንዲገባ ይረዳሉ። ስንግ ቃሪያ ከሽሮ ጋር መብላት ለጣዕም ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ቃሪያው ወጡ ውስጥ ሲንተከተክ ግን ቫይታሚኑ ይቀንሳል።

አሁን ወደማይወደደው ነገር ልምጣ። ቡና። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሰዎች ሥጋ ያለበት ምግብ ሲበሉ አንድ ስኒ ቡና ከጠጡ የሚገባላቸው ብረት በ39 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ፤ ሻይ በ64 በመቶ ቀነሰው። ለእኛ ቤት የሚጠቅመው የጥናቱ ሁለተኛ ክፍል ነው። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት በፊት ሲጠጣ ምንም ጉዳት አልታየበትም፤ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣ ግን አብሮ የተጠጣ ያህል ጎዳ። የእኛ ወግ ደግሞ ከምሳ በኋላ ነው፤ ለዚያውም አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ነፍሰ ጡሯን ቡና አትጠጪ ማለት የጎረቤት ወግና ዕረፍቷን መንጠቅ ስለሆነ አልመክርም። ጀበናው ከምሳ በፊት ይጣድ፤ ካልሆነ ደግሞ ከበሉ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ዋጋ የማያስከፍል ለውጥ ነው፤ የሚያስፈልገው ቡናውን የሚያፈላው ሰው መስማማት ብቻ ነው።

ጾሙ

የደብረ ወርቅ ማርያም ደብር ባለበት አገር ስለ ምግብ ተጽፎ ስለ ጾም ዝም ማለት አይቻልም። ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ገደማ ይጾማል፤ ረቡዕና ዓርብ፣ የሁዳዴው 55 ቀን፣ ፍልሰታ፣ የነቢያትና የሐዋርያት ጾም። ዘጠኝ ወር የሚፈጅ እርግዝና ከእነዚህ መካከል ብዙውን ይነካል።

የጾም ምግብ ብረት የለውም የሚሉ ሰዎች ትክክል አይደሉም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ተልባ ሁሉም አላቸው። የሚጎድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከእንስሳት ብቻ የሚገኘው ቫይታሚን ቢ12 ነው፤ እሱም ደም ለመሥራት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ደግሞ ሰዓቱ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበላ የቆየች ነፍሰ ጡር የቀኑን ምግብ በአንድ ወይም በሁለት ማዕድ ማካካስ አትችልም፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ጨጓራዋን ገፍቶታልና።

ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ጉዳዩን ከነፍስ አባት ጋር መነጋገር የቆየ ሥርዓት ነው። ችግሩ ብዙ ሴቶች አለመጠየቃቸው ነው። መጠየቁ ያሳፍራቸዋል፣ ወይም ጎረቤት ምን ይለኛል ይላሉ። ካህናቱ ሳይጠየቁ ቢናገሩ፣ ከቅዳሴ በኋላ በሚሰጡት ትምህርት አንድ ጊዜ ጠቀስ ቢያደርጉት፣ የአንድ ዓመት የጤና ትምህርት የማይሠራውን ይሠራሉ። መጾሙን ልቧ የመረጠ ሴት ደግሞ ሰዓቱን ብታሳጥር፣ ጥራጥሬውንና ጎመኑን ከሎሚና ከቃሪያ ጋር ብትበላ፣ እንክብሉንም ባታቋርጥ ይበጃታል። እንክብሉን መዋጥ ጾም ያስገድፋል ብላ የምትተው እንዳለች ሰምቻለሁ፤ ይህንም የነፍስ አባቷ በአንድ ቃል ሊፈታላት ይችላል።

ሌሎች ደም የሚያፈሱ

የመንጠቆ ትል አንጀት ላይ ተጣብቆ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ደም ይመጥጣል። አንዱ ትል የሚጠጣው ኢምንት ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሲሆኑ ግን በምግብ የገባውን ብረት ይጨርሱታል። ትሉ የሚገባው በባዶ እግር በኩል ከተበከለ አፈር ስለሆነ ጫማና መጸዳጃ ቤት የደም መድኃኒት ናቸው ብል አላጋነንኩም። ከሦስተኛው ወር በኋላ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የትል መድኃኒት፣ አልቤንዳዞል 400 ወይም ሜቤንዳዞል 500 ሚሊ ግራም፣ በአንድ ጊዜ ተውጦ ያልቃል። ወደ ዓባይ በሚወርዱት ቆላዎች ደግሞ ወባ ቀይ የደም ሴሎችን እያፈነዳ ደሙን ይጨርሳል፤ እዚያ ያለች ነፍሰ ጡር በአጎበር ሥር መተኛት አለባት።

የደጋው ቁጥር

ስለ አማራ ክልል ደም ማነስ ሲነሣ ከ2016ቱ ጥናት አንድ ቁጥር ይጠቀሳል። በክልሉ ካሉት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች ሁሉ (ነፍሰ ጡሮች ብቻ ሳይሆኑ) ደም ያነሳቸው 17 በመቶ ናቸው፤ በአገር ደረጃ 24፣ በሶማሌ ክልል 60 ገደማ ነበር። እንግዲህ እኛ ደህና ነን ማለት ነው?

ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ሄሞግሎቢንን ይጨምራል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ባለሙያዎች የደጋ ሰውን ልኬት ሲያነቡ ከላዩ ይቀንሳሉ፤ ለረጅም ጊዜ በሥራ ላይ በቆየው የዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ በ2000 ሜትር ከፍታ 0.8፣ በ2500 ሜትር 1.3 ግራም። ደብረ ወርቅ ከ2000 ሜትር በላይ ናት። እዚያ 11.5 የተለካች ነፍሰ ጡር ወረቀቱ ላይ ደህና ትመስላለች፤ ሲቀነስላት ግን ከ11 በታች ትወርዳለች።

በሌላ በኩል አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢዮልና ባልደረቦቿ በስሜን ተራሮች፣ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ውጤት አለ። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም ነበር። ያን በሚያህል ከፍታ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ከሚኖሩት ሰዎች በጣም ዝቅ ያለና ከሜዳ ሰዎች ብዙም ያልራቀ ነው። የእኛ ደገኞች ከፍታውን የለመዱት ሄሞግሎቢን በማብዛት አይመስልም። ታዲያ ከልኬታቸው ላይ መቀነሱ ተገቢ ነው ወይ? ባለሙያዎች እስካሁን የሚከራከሩበት ነው። ለአንዲት አዋላጅ ነርስ የምለው ግን ቀላል ነው፤ ወረቀቱ ላይ 11 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ሲታይ ደህና ነሽ ብሎ መሸኘት አይገባም። ድካሟን ይጠይቋት፣ የዓይኗን ቆብ ገልጠው ይዩ፣ በወሩ እንደገና ይለኩ።

እንክብሉ እጅ ደርሷል፤ አፍ አልደረሰም

መንግሥት ጤና ኤክስቴንሽንን በ1995 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ጤና ኬላ አለ። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው እንክብል 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ አለው፤ በቀን አንድ ነው፤ በነጻ ነው። ከዚህ የቀለለና የረከሰ ሕክምና አላውቅም።

የ2016ቱ ጥናት ግን ከወለዱት ሴቶች በእርግዝናቸው እንክብሉን አንዴም ቢሆን የወሰዱት 42 በመቶ፣ ለ90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ደግሞ 5 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አገኘ። ብዙ ሰው የሚያዝነው ለመጀመሪያው ቁጥር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። 42ቱ እጅ ላይ እንክብሉ ደርሷል፤ 37ቱ ጋ መንገድ ላይ ቀርቷል። ጎረቤታችን ምዕራብ ጎጃም፣ ሜጫ ወረዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናትም እንክብሉን በአግባቡ የወሰዱት ነፍሰ ጡሮች 20.4 በመቶ እንደሆኑ ጽፏል።

ለምን 90 ቀን? ሕክምናው ሲጀመር ሄሞግሎቢን የሚጨምረው ቀስ በቀስ ነው፤ ደሙ ከተስተካከለ በኋላም ሰውነት የሚያስቀምጠው ብረት እስኪሞላ ወራት ይፈጃል። 20 ቀን ወስዳ ያቆመች ሴት ያስቀመጠችው ብረት ጥቂት ነው።

ቀላል ሒሳብ እንሥራ። በ2016ቱ ጥናት ከ100 ነፍሰ ጡሮች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት 20 ብቻ ነበሩ፤ አራትና ከዚያ በላይ የተከታተሉት 32። በስምንተኛው ወር መጀመሪያ የመጣች ሴት እስክትወልድ የሚቀራት 60 ቀን ገደማ ስለሆነ ብትፈልግም 90 አትደርስም። በየክትትሉ 30 ፍሬ የሚሰጣትና ሁለት ጊዜ ብቻ የመጣች ሴትም 60 ላይ ትቆማለች። ስለዚህ ጥፋቱን በእሷ እርሳታ ላይ ብቻ መደፍደፍ አይገባም። እርግዝናን እስኪገፋ መደበቅ በእኛ አካባቢ የቆየ ነው፤ ዓይን ይበላኛል፣ ቢወርድስ ይባላል። ይህን ፍርሃት አክብሮ፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት ስትሄድ በምሥጢር ሊነገራት የሚችልበት መንገድ ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ደግሞ መንገድ ተዘግቶ ይሰነብታል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ለአንድ ወር ብቻ ቆጥሮ ከመስጠት የሦስት ወሩን በአንድ ላይ መስጠት ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ያለው የሴቲቱና የቤቷ ነው። ብዙዎች የሚያቆሙት ስለሚያቅለሸልሻቸው፣ ሆዳቸው ስለሚደርቅና ዓይነ ምድራቸው ስለሚጠቁር ነው። ጥቁረቱ ያልገባው ብረት ቀለም ነው፤ አይጎዳም፣ ማንም አስቀድሞ ስላልነገራቸው ግን ያስደነግጣቸዋል። ማቅለሽለሹ ማታ ሲተኙ ቢወስዱት ይቀላል፤ ድርቀቱ በውኃ፣ በጎመንና በተልባ ይታገዛል። ከቡና፣ ከሻይና ከወተት ጋር አይወሰድ፤ በሎሚ ውኃ ቢሆን ይመረጣል። አንድ ቀን ከተረሳ በማግስቱ እንደወትሮው አንድ ይወሰዳል እንጂ ሁለት አይደለም። እንክብሉ ከረሜላ ስለሚመስል ከሕፃናት እጅ ይራቅ፤ አንድ ሕፃን ብዙ ፍሬ ከዋጠ ሊገድለው ይችላል።

አንድ ወሬ አለ፤ እንክብሉ ልጁን ስለሚያገዝፈው ምጡን ያከብዳል የሚል። ብዙ ጊዜ የሚናገሩት አማቶችና ጎረቤቶች ናቸው፤ ክፋት የለባቸውም፣ ምጥ የገደላቸውን ሴቶች ያዩ ናቸውና። እውነቱ ግን ብረት የተራበ ፅንስ ከ2.5 ኪሎ በታች ሆኖ የሚወለድበት ዕድል ይጨምራል፤ እንክብሉ ከዚህ ያድናል እንጂ ልጁን ግዙፍ አያደርገውም። ምጥን የሚያከብደው ገና ያልበሰለ የልጃገረድ ዳሌ ነው። ስለ ከባድ ምጥ የሚጨነቅ ቤት ሴት ልጁን ከ18 ዓመቷ በፊት አይዳር፤ ሕጉም ይህንኑ ይላል።

ስንዴ ዱቄት ውስጥ ብረት ይጨመራል፣ ይበቃል የሚሉም አሉ። በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በንጥረ ነገር እንዲበለጽጉ የሚያስገድድ ደረጃ ጸድቋል። ለከተማው ጥሩ ነው። ከጎተራዋ ጤፍ አውጥታ በአካባቢዋ ወፍጮ የምታስፈጭ ሴት ግን የፋብሪካ ዱቄት አትገዛም፤ ለእሷ እንክብሉ ምትክ የለውም።

ደም ያነሳት ስትወልድ

እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ልጆች ጋር 412 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ ከገዳዮቹ ዋነኛው ከወሊድ በኋላ የሚመጣ መድማት ነው። ሙሉ ደም ያላት ሴት ግማሽ ሊትር ብትደማ ትቋቋመዋለች። 7 ግራም ይዛ ምጥ የገባች ሴት ግን ያንኑ ያህል ስትደማ ልቧ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና በ29 አገሮች መረጃ ላይ የተሠራ ጥናት ከባድ ደም ማነስ የእናትን የሞት ዕድል በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል።

ስለዚህ ልኬቷ ከ11 በታች የሆነ ነፍሰ ጡር የምትወስደው ብረት ወደ 120 ሚሊ ግራም ከፍ ይላል፤ ይህን የሚያዘው ባለሙያ ነው። ከ7 በታች ከሆነ፣ ተኝታም ትንፋሽ ካጠራት፣ ካበጠች፣ ልቧ በኃይል ከመታ ወይም ደም ከታያት ጤና ኬላው ቦታዋ አይደለም። ወደ ደብረ ወርቅ፣ ብቸና ወይም ሞጣ ሆስፒታል መሄድ አለባት፤ ደም ሊሰጣት ስለሚችል ከዘመድ ሁለት ጤነኛ ሰዎች አብረው ይሂዱ። የመውለጃ ቀኗ ሲቃረብም በእናቶች ማቆያ መሰንበቱ ለእንደዚህች ሴት ቅንጦት አይደለም።

ከወሊድ በኋላ

አራስ ቤት ገንፎው፣ ቅቤው፣ አጥሚቱ ይቀርባል፤ እንክብሉ ግን ይረሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ችግሩ በበዛበት አገር ከወሊድ በኋላም ከ6 እስከ 12 ሳምንት እንዲቀጥል ይመክራል። ቀጣዩን እርግዝና ቢያንስ ሁለት ዓመት ማቆየትም የተሟጠጠው ብረት እንዲመለስ ጊዜ ይሰጣል።

እንክብሉ የሚዋጠው ቤት ውስጥ ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ሴቲቱ ብቻዋን አትወስንም። ባልዋ ገበያ ሲወጣ ጤና ኬላውን ደርሶ ሊያመጣላት ይችላል፤ አማቷ ማታ ማታ ልታስታውሳት ትችላለች፤ በየወሩ በ21 የሚሰበሰበው የማርያም ማኅበርም ጠበል ጸዲቁ ከተቀመሰ በኋላ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ እንክብል ማን እንደጨረሰች ሊጠያየቅ ይችላል። ይህን የምታነቡ ነፍሰ ጡር በቤታችሁ ካለች ዛሬ ማታ የቀራትን ፍሬ ቁጠሩ፤ ከ10 ካነሰ ነገ ጠዋት ጤና ኬላ ላኩ።